በማጭበርበር የተፈረደበትን ከንቲባ የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጽፉ

በድሬዳዋ የሰው የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ብዕር የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ስሙ የተመሰገነ ሰው ነው። የምድር ባቡር ሠራተኛው፣ ትምህርት ቤት ያቋቋመው መምህር፣ ከታይዋን ገበያ ተነሥቶ ባለሀብት የሆነው ነጋዴ ታሪካቸው ይጻፋል፣ ይነበባልም። ከተማ አስተዳድሮ በመጨረሻ በማጭበርበር የተፈረደበትን ሰው ሕይወት የሚጽፍ ግን እምብዛም የለም፤ የሚጽፍ ቢገኝም ወይ ስድብ ወይ ጥብቅና ሆኖ ይቀራል። ይህ ጉድለት ያሳስበኛል። ከንቲባ ያለአግባብ የሚያወጣው ገንዘብ ከውኃ መስመር፣ ከመንገድና ከጤና ጣቢያ ላይ የሚነሳ ነውና፣ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደወጣ በግልጽ ቋንቋ የሚያስረዳ ጽሑፍ ለነዋሪው ያስፈልገዋል።

ለዚህ መመሪያ ዋና ምሳሌ አድርጌ የምወስደው እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 የአሜሪካዋ ዲትሮይት ከንቲባ የነበረውን የክዋሜ ኪልፓትሪክን ሕይወት ነው። የመረጥኩት ጉዳዩ በፍርድ ቤት እስከ ይግባኝ ድረስ ታይቶ ያለቀ፣ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ነው። በሩቅ ሰው ታሪክ መለማመድ ደግሞ በአጠገባችን ባለ ሰው ላይ ከመሳሳት ያድናል። ዲትሮይትን የመኪና ፋብሪካዎች አሳደጓት፤ ድሬዳዋን በ1895 ዓ.ም. የደረሰው ባቡር ቆረቆራት። በአንድ ሥራ ላይ የቆመ ከተማ ያ ሥራ ሲቀዘቅዝ ምን ላይ እንደሚወድቅ ለድሬ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ፍርዱን ወደ ልጅነቱ አይውሰዱ

የመጀመሪያው ሥራ፣ በእኔ አመለካከት ከሁሉም የሚከብደው ሥራ፣ መጨረሻውን እያወቁ መጀመሪያውን እንደነበረ መጻፍ ነው። አንባቢም ጸሐፊም ሰውየው እንደታሰረ ያውቃል፤ ስለዚህ በልጅነቱ የሠራት ትንሽ ጥፋት ሁሉ የኋላው ወንጀል ምልክት ሆና ትታያለች። ይህ ማስረጃ የሌለው ጥንቆላ ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ ሲጽፉ በዚያ ዓመት የነበሩ ሰዎች የሚያውቁትን ብቻ ይዘው ይጻፉ፤ የማያውቁትን ለሚታወቅበት ዓመት ያቆዩት።

ኪልፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1970 ዲትሮይት ውስጥ ተወለደ (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት የአሜሪካ ታሪክ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። እናቱ በአሜሪካ ኮንግረስ የከተማዋ ተወካይ ነበሩ። እሱም በሚሺጋን ግዛት ምክር ቤት የፓርቲው አባላት መሪ እስከ መሆን ደርሶ፣ በ2001 ምርጫ አሸንፎ በጥር 2002 በ31 ዓመቱ ከንቲባነቱን ተረከበ፤ በከተማዋ ታሪክ ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ ወንበሩን የያዘ አልነበረም። በ2005 ስለ አኗኗሩ ብዙ ሐሜት እየተወራ፣ በመጀመሪያው ዙር ምርጫም ሁለተኛ ወጥቶ ሳለ፣ በዋናው ምርጫ ተመለሰ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ቆሞ «ሕዝቡ ለምን መረጠው?» ብሎ መጠየቅና ከልቡ መመለስ አለበት። መልሱ «ተታለለ» ብቻ ከሆነ ሥራው አልተሠራም፤ ሰው የሚመርጠው ተስፋ ስላየ፣ ወጣት ስለፈለገ፣ ተፎካካሪውን ስላላመነ፣ ወይም የሰፈሩን ልጅ መተው ስለከበደው ነው። የትኛው እንደነበረ በጊዜው ከወጡ ጋዜጦችና ከመራጮች ቃል ይፈልጉ።

የእያንዳንዱን ጉዳይ የሕግ ደረጃ ይለዩ

ብዙ ጽሑፎች የሚበላሹት እዚህ ነው። «ከንቲባው በማጭበርበር ተከሶ ከሥልጣን ወረደ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ ኪልፓትሪክ ቢጻፍ ስሕተት ይሆናል፤ በሥልጣን ላይ ሳለ የተከሰሰው በማጭበርበር አይደለምና። ሁለት ፖሊሶች ያለአግባብ ከሥራችን ተነሥተናል ብለው በከተማው ላይ ያቀረቡት ክስ በ2007 በችሎት ታየ፤ ከንቲባው በዚያ ችሎት ላይ በመሐላ ከጽሕፈት ቤት ኃላፊው ጋር የፍቅር ግንኙነት እንደሌለው ተናገረ። ከተማው 8.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በስምምነት ጉዳዩን ዘጋው። በጥር 2008 ዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ የተባለው ጋዜጣ የሁለቱን የስልክ የጽሑፍ መልእክቶች አወጣ፤ መሐላው ሐሰት እንደነበር ታየ። ከንቲባው የፍትሕን ሥራ በማሰናከል ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ አራት ወር እስራትም ተፈረደበት። ሁለተኛው ጉዳይ በ2010 የአመክሮ ግዴታውን በመጣሱ የተወሰነበት እስራት ነው። የማጭበርበሩ ጉዳይ ሦስተኛው ነው፤ ክሱ በፌዴራል ፍርድ ቤት የተመሠረተው በ2010 ሲሆን ውሳኔው የተሰጠው በመጋቢት 2013 ነው።

ሦስቱ ጉዳዮች ለየብቻ ይታዩ። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ይመድቡና የተከሰሰበትን ወንጀል፣ ክሱ የቀረበበትን ቀን፣ ያየውን ፍርድ ቤት፣ አምኖ እንደሆነ ወይስ ተከራክሮ፣ ውሳኔውንና የይግባኙን ውጤት ይጻፉበት። ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ያለ ነው፦ ለጁሪው (ከሕዝብ መካከል ተመርጠው ጥፋተኛነትን ለሚወስኑት ሰዎች) ከቀረቡት 30 ክሶች በ24ቱ ጥፋተኛ ተባለ፣ በሦስቱ ነጻ ተባለ፣ በሦስቱ ደግሞ ጁሪው መስማማት አልቻለም። ከ24ቱ ውስጥ በተደራጀ መንገድ ወንጀል ለመፈጸም መዶለት፣ በማስፈራራት ጥቅም መቀበል፣ በፖስታና በስልክ መስመር ማጭበርበርና የግብር ወንጀል ይገኙበታል። በጥቅምት 2013 ዳኛዋ 28 ዓመት እስራት ወሰኑበት። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱንና እስራቱን አጸና፤ እንዲከፍል ስለታዘዘው ካሣ መጠን ግን ስሌቱ እንደገና እንዲታይ መለሰ። «በክሱ ሁሉ ተፈረደበት» ብሎ የጻፈ ሰው ነጻ የተባለባቸውን ሦስቱን በሐሰት ጨመረበት ማለት ነው፤ ፍርደኛም ቢሆን ባልሠራው ወይም ባልተረጋገጠበት ነገር ሊወቀስ አይገባም።

ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ አስቀድመው ስለሚጽፉ 9/4/2008 የሚለው ሴፕቴምበር 4 እንጂ ኤፕሪል 9 አይደለም። ኪልፓትሪክ ጥፋቱን ያመነው በዚህ ቀን ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ሥልጣኑን የለቀቀው ሴፕቴምበር 18 ቀን፣ ማለትም መስከረም 8 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። በሁለት ሳምንት ልዩነት የተፈጸሙት ሁለት ነገሮች በእኛ በሁለት ዓመት ውስጥ ይወድቃሉ፤ ጸሐፊው ዓመቱን ብቻ ቢጽፍ አንባቢው ከንቲባው ጥፋቱን ካመነ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ የቆየ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንዱን አቆጣጠር መርጠው ያሳውቁ፤ በወሳኝ ቀኖች ላይ ግን ሁለቱንም ከነወሩ ይስጡ።

አንድ ውል ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይከተሉት

ማጭበርበር በጥቅሉ ሲነገር አንባቢ አይገባውም፤ በአንድ ውል ላይ ሲታይ ግን ማንም ይገባዋል። ስለዚህ በፍርዱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ብዙ ውሎች ውስጥ በጣም ግልጽ የሆነውን አንዱን መርጠው ከጨረታው ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ ይሂዱበት። በዲትሮይት ጉዳይ እኔ የምመርጠው የፍሳሽ መስመር ጥገናውን ነው። የከተማው የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ከዲትሮይት ውጭ ያሉትን አካባቢዎችም ያገለግል ስለነበር የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ትልቅ ነበር። አንድ ሥራ ተቋራጭ የ50 ሚሊዮን ዶላር የውል ማሻሻያ እንዲፈረምለት ይጠብቅ ነበር፤ የከንቲባው ፊርማ ግን ዘገየ። ፊርማው የተገኘው ተቋራጩ ቀድሞ አብሮት ይሠራ የነበረውን ንዑስ ተቋራጭ አስወጥቶ በምትኩ የከንቲባውን ወዳጅ ድርጅት ካስገባ በኋላ ነው። ከንቲባው በዚህ ውል ላይ ከካዝና ገንዘብ ቆጥሮ አልወሰደም፤ ያደረገው ፊርማውን ማቆየት ነው። ወዳጁ በኋላ አብሮት ተከሶ 21 ዓመት ተፈረደበት፤ ዐቃቤ ሕግ በማስገደድ ወደዚህ ሰው ድርጅት የሄደውን የከተማ ሥራ ዋጋ ቢያንስ 73 ሚሊዮን ዶላር አድርጎ አቅርቧል።

የእኛ አገር ጨረታ ምን ሰነድ እንደሚያልፍ የሚያውቅ አንባቢ ይህንን በቀላሉ ይከታተላል። በቴክኒክና በፋይናንስ ኤንቨሎፕ ይቀርባል፣ የጨረታ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይፈራረማል፣ ውል ይታሰራል፣ ቅድመ ክፍያ ይወጣል፣ አማካሪ መሐንዲሱ የክፍያ ሰርተፍኬት ያጸድቃል፣ ቫሪዬሽን (የሥራ ለውጥ) ይጠየቃል፣ በመጨረሻ ርክክብ ይደረጋል። እነዚህን ደረጃዎች በአንድ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ይጻፉና በእያንዳንዱ አጠገብ ቀን፣ የፈረመው ሰው ኃላፊነትና የገንዘቡን መጠን ያስቀምጡ። ቀጥሎ በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለውን የቀን ርቀት ይመልከቱ። በአሥር ቀን የሚያልቅ ነገር አምስት ወር ከቆየ በዚያ አምስት ወር ውስጥ ማን ከማን ጋር ተገናኘ፣ በውሉ ላይ ማን ተጨመረ፣ ማንስ ተሰረዘ ብለው ይጠይቁ። መዘግየት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ የበጀት መጓደል፣ የሰነድ ስሕተት፣ የክረምት ዝናብም ያዘገያል። ጥያቄው የሚመለሰው መዘግየቱን ያበቃው ነገር ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ገቢን ከወጪ ጋር ማስተያየት ነው። በኪልፓትሪክ ችሎት ላይ ከንቲባ በነበረበት ጊዜ ከደመወዙ በላይ ወደ 840,000 ዶላር እንዳወጣ በባንክ ሰነድ ታይቷል። በእኛም አገር የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብና ንብረት ይዞ መገኘትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል፤ ስለዚህ አንባቢው የዚህ ዓይነቱን ማስረጃ ክብደት ያውቀዋል። ጸሐፊው ግን የሰውን ቤትና መኪና በዐይን ገምቶ ስሌት እንዳይሠራ አደራ እላለሁ። ሀብት በውርስ፣ በትዳር፣ በብድር፣ በውጭ አገር ባለ ወንድም ሊመጣ ይችላል፤ በፍርድ ቤት ያልተመዘነ ቁጥር ወደ ጽሑፉ አይግባ።

በከንቲባው ስም የተቋቋመ ፈንድ ካለም ለብቻው ምዕራፍ ይገባዋል። ኪልፓትሪክ ለከተማዋና ለወጣቶቿ መልካም ሥራ የሚል ዓላማ ያለው ፈንድ ነበረው፤ ለጋሾች ገንዘብ የሰጡት ለዚያ ዓላማ ነው። ከዚያ ገንዘብ ግን ለዮጋ፣ ለጎልፍ፣ ለልጆቹ የበጋ ካምፕ ተከፍሎበታል። የማጭበርበሩ ክስ አንዱ መሠረት ይህ ነው። ለተቸገረ ልጅ ብሎ እጁን የዘረጋ ለጋሽ ሲታለል ቀጥሎ እውነተኛ ችግረኛ ሲመጣ እጁን ይሰበስባል፤ ይህንን ጉዳት የፍርድ ቤት ቁጥር አይዘውም፣ ጸሐፊው ግን ሊያልፈው አይገባም።

የከተማዋን ኪሣራ ሲጽፉ ሚዛኑን ይጠብቁ። ዲትሮይት ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ተሸክማ በሐምሌ 2013 ኪሣራ አውጃለች፤ ይህም ከንቲባው ጥፋተኛ ከተባለ ከአራት ወር በኋላ ነው። ሁለቱ ስለተቀራረቡ «እሱ ከተማዋን አከሠራት» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሐቁ ግን ሰፋ ይላል። በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የዲትሮይት ሕዝብ በ2010 ወደ 714,000 ወርዶ ነበር፤ ግብር ከፋዩ ሲሄድ የጡረታ ግዴታው ግን በከተማዋ ላይ እንዳለ ቆየ። በኪልፓትሪክ ዘመን የጡረታ ፈንዱን ለመሙላት የተወሰደው 1.4 ቢሊዮን ዶላር ግድም ብድር ሸክሙን አክብዶታል፤ ሆኖም የተፈረደበት በዚያ ብድር ምክንያት አይደለም። መጥፎ ውሳኔና ወንጀል በሁለት የተለያዩ አንቀጾች ይጻፉ።

ሰዎችን ሲያነጋግሩ

በድሬዳዋ ስላለ ጉዳይ የሚጽፉ ከሆነ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ቤት በሚያስቀምጥበት ሰዓት በርጫ ላይ የሚነገረውን ሁሉ እንደ ምስክርነት አይመዝግቡ። በርጫ ላይ ታሪክ ይሞቃል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይጨምራል። ያስፈለገዎትን ነገር ከሰሙ በማግስቱ ጠዋት፣ ከዚራ ዛፎች ሥር ነፋሻው ሳይነሣ፣ ያንኑ ሰው ለብቻው አግኝተው እንደገና ይጠይቁት። ጥያቄውም እንዲህ ይሁን፦

«አባባ፣ ገንዘቡ ሲሰጥ እርስዎ ነበሩ?»

«አልነበርኩም ልጄ፤ ሾፌሩ ነው የነገረኝ።»

«ሾፌሩ መቼ ነገረዎት? ሰውየው ከመያዙ በፊት ነው በኋላ?»

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ትለያለች። ሰው ከታሰረ በኋላ ድሮ የጠረጠረ ይበዛል። ማስታወሻዎ ላይ የእያንዳንዱን ቃል አጠገብ «አየ»፣ «ከነበረ ሰው ሰማ»፣ «በከተማ ሰማ» ብለው ይጻፉ፤ ሦስተኛው ዓይነት ወደ መጽሐፍ የሚገባው የከተማው ወሬ ምን ይመስል እንደነበር ለማሳየት ብቻ ነው። ተናጋሪው በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ቢናገር በተናገረበት ቋንቋ ይቅረጹትና በኋላ ሁለት ሰው ለየብቻ ወደ አማርኛ እንዲመልሱት ያድርጉ። የቢሮ ጸሐፊዋን፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን፣ የሾፌሩን ስም ያለ ፈቃዳቸው አያውጡ። እነሱ ከንቲባ አልነበሩም፤ በሕዝብ ፊት የመቆም ግዴታ የለባቸውም።

መልካም ሥራውን አይደብቁ

የአሜሪካዋ ፕሮቪደንስ ከተማ ከንቲባ በነበረው በባዲ ሲያንሲ ዘመን ተሸፍነው የነበሩት የመሐል ከተማው ወንዞች ተከፍተው መሐሉ ነፍስ ዘርቶ ነበር፤ ሲያንሲ ግን በ2002 ከብዙ ክሶች በአንዱ፣ በተደራጀ ወንጀል በመዶለት፣ ጥፋተኛ ተብሎ ታሰረ። ከእስር ወጥቶ በ2014 እንደገና ተወዳድሮ ቢሸነፍም የመረጠው ሰው ብዙ ነበር። ወንዙን ደብቆ እስሩን ብቻ የጻፈ ሰው ይህንን ምርጫ ማስረዳት አይችልም። የኒው ኦርሊንሱ ከንቲባ የነበረው ሬይ ኔጊን ደግሞ በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ባጥለቀለቀበት ጊዜ የፌዴራሉን መንግሥት በቁጣ የጠየቀ ሰው ነው፤ በ2014 ከ21 ክሶች በ20ው፣ ከሥራ ተቋራጮች ጥቅም በመቀበል ጭምር፣ ጥፋተኛ ተብሎ 10 ዓመት ተፈርዶበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደበትን ያስታወሰ የድሬ ሰው፣ ጎርፍ ላይ ለሕዝብ የጮኸ ሰው በሕዝብ ልብ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ፍርድም ምን ያህል እንደሚያም ያውቃል። ጩኸቱም ጉቦውም የአንድ ሰው ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሳይሰርዝ ሁለቱም በቦታቸው ይግቡ።

ከማሳተም በፊት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ያዛል። ስለዚህ ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው «ተከሳሽ» ነው፤ ፖሊስ የያዘው ደግሞ ገና «ተጠርጣሪ» ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ኃላፊነት እንደሚያስከትል ይደነግጋል፤ የጻፉት እውነት መሆኑን ማስረዳት የሚችሉት የፍርድ ግልባጭ በእጅዎ ሲኖር ነው። ግልባጩን ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር በመዝገብ ቁጥር ይጠይቁ፤ የጋዜጣ ዜና ይዘው አይርኩ፣ ዜናው የሚጻፈው በውሳኔው ዕለት በችኮላ ነውና።

ረቂቁ ሲያልቅ ስለ እሱ የተጻፉትን ዋና ዋና ነጥቦች ለባለታሪኩ፣ በእስር ላይ ከሆነም በጠበቃው በኩል፣ በጽሑፍ ይላኩለትና ለመልሱ በቂ ጊዜ ይስጡት። መልስ ከሰጠ መልሱን ሳይቆራርጡ ያስገቡት፤ ካልሰጠም እንዳልሰጠ ይጻፉ። ኪልፓትሪክ በፌዴራሉ ክስ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩ ተቀባይነት ባያገኝም የታሪኩ ክፍል ነው።

ታሪኩን ፍርዱ በተሰጠበት ቀን ላይ አያቁሙት። በጥር 2021 ፕሬዝዳንት ትራምፕ ከሥልጣናቸው በሚወርዱበት ዕለት፣ በእኛ የጥምቀት ማግስት ጥር 12 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የኪልፓትሪክን የ28 ዓመት እስራት አሳጠሩለትና ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ ወጣ። የቀረው እስራት ተነሣለት እንጂ ጥፋተኛነቱ አልተሰረዘም። ይህንን በትክክል ከጻፉ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ መረጃውን እስከ የትኛው ቀን ድረስ እንዳጣሩ ያስፍሩ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ውሳኔ ቢወጣ በቀጣዩ እትም የሚያርሙት ከዚያ ቀን ተነሥተው ነው።